የሞዴል አርሶ አደሩ ልጅ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቢፍቱ ስልኳን በእጇ ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሌላ ጊዜ ገና ከበር ላይ ወሬዋን የምትጀምር ልጅ ያን ዕለት ዝም ብላ ገብታ ዝም ብላ ተቀመጠች። የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ እየሞላች ነበር። ስሟን፣ ውጤቷን፣ ምን መማር እንደምትፈልግ፣ ሁሉንም ሞልታ አንድ ጥያቄ ላይ ቆማለች። «የቤተሰብዎን የኑሮ ሁኔታ ይግለጹ» ይላል። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።

«እትዬ ኩለኒ፣ ይቺን በአንቺ ስልክ ሙዪልኝ» አለችኝ።

«ምነው፣ አንቺ አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። ግን አባቴ አንዳንዴ ስልኬን ያያል። እንዳያነበው ብዬ ነው።»

ልስቅባት ነበር፤ አልቻልኩም። «ከቅዳሜ በኋላ ተመለሽ» ብዬ ሸኘኋትና ብቻዬን ቁጭ አልኩ።

እኔ አምቦ ከተማ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ሰዎች እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ሲጠይቁኝ «በነፃ ትምህርት ዕድል» እላቸዋለሁ። እነሱም «ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ ማለት ነው» ይላሉ፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያልቃል። ጎበዝስ ነበርኩ፣ አልዋሽም። ግን ጉብዝናዬ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ዕድል የሚያገኘው ሌላ ሰው ነበር።

የተወለድኩት ከእጃጂ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የተማርኩት አምቦ ሲሆን ከአክስቴ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የገጠር ልጅ ከተማ ሲማር ግማሹ ሕይወቱ መናኸሪያ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እናቴ የበቆሎ ዱቄትና ጭኮ ጠቅልላ በአባዱላ ሚኒባስ ትልክልኛለች። ጭኮ ማለት ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ፣ አንድ ጉርሻው እስከ ማታ የሚያውል ምግብ ነው። መኪናው ጌዶ ላይ ጭጋግ ከያዘው ይዘገያል፤ ጉደር ላይ ሽንኩርት ሊጭን ከቆመ ደግሞ የባሰ ይዘገያል። እኔም መናኸሪያው አጥር ሥር ደብተሬን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ባዮሎጂን የቻልኩት በዚያ አጥር ሥር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር ሰለሞን ይባላል፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ ቀጭን ሰው ነው። በየማለዳው ለሁላችንም በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ ለአንድ ሰው የሚባለውን «እንዴት አደርክ»፣ ብሎ ሰላም ሲለን ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር፤ እሱም እንደሚሳቅበት እያወቀ አንድም ቀን አላቋረጠም። በጥቅምት አንድ ጠዋት «ኩለኒ፣ ከክፍል በኋላ እንዳትሄጂ» አለኝና አንድ የታተመ ወረቀት ሰጠኝ። አንድ ድርጅት ውጤታቸው ከፍተኛ የሆነ፣ ቤተሰቦቻቸው ግን ማስተማር የማይችሉ ጥቂት ልጆችን መርጦ፣ አዲስ አበባ በሚገኝ ኮሌጅ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ሊያስተምር ነው። ከትምህርት ክፍሎቹ ዝርዝር ውስጥ ፋርማሲ አለ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግባት አልችልም ማለቴ አይደለም። እዚያ ግን የምትማረውን የሚወስንልህ ምደባው ነው፤ ፋርማሲ ብለህ ሞልተህ ሌላ ሊደርስህ ይችላል። እኔ ደግሞ ፋርማሲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያልኩ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እናቴ በጠና ታማ፣ ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ አንድ ፌስታል መድኃኒት ይዛ ቤት ገባች። በብልቃጦቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን የጠዋቱንና የማታውን አምታትቼ ሰጠኋት። እሷ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ግን ሁለት ሌሊት ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሣሁም። ዳግመኛ ላለመሳሳት የሚሰጥ ትምህርት ካለ መማር ነበረብኝ።

ለማመልከቻው የትምህርት ማስረጃ፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰት፣ እና ከቀበሌ የቤተሰብን የኑሮ ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከሁሉም የከበደኝ ድርሰቱ ይሆናል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው «ሀገራችን ኢትዮጵያ በማደግ ላይ ካሉ ሀገራት አንዷ ስትሆን» ብሎ ይጀምራል። መምህር ሰለሞን አንብቦ መለሰልኝ።

«ስለ አንቺ ነው የጠየቁት። አንቺ የታለሽ?»

«መጨረሻው ላይ አለሁ» አልኩት።

«መጀመሪያ ላይ ግቢ።»

ሁለተኛው ስለ ወረዳችን ሆነ፤ ሦስተኛው ስለ ቤተሰባችን። እኛ ቤት ሰው ስለ ራሱ «እኔ ጎበዝ ነኝ» ቢል እራት ላይ መሳቂያ ይሆናል። እንዲህ ያደገ እጅ ራሱን አወድሶ ጻፍ ቢሉት አይታዘዝም። በአራተኛው የብልቃጦቹን ነገር ጻፍኩ። መምህር ሰለሞን መነጽሩን አውልቆ «አሁን መጣሽ» አለኝ።

የቀበሌውን ደብዳቤ ግን ቀላል ነው ብዬ ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ቤታችን የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ ላይ አባቴን በአማርኛ ሲናገር የምታነቡት እኔ መልሼው ነው። ስመልሰው ጨው እንደሚጎድለው አውቃለሁ።

«አባዬ፣ ስለ ቤታችን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ያስፈልገኛል።»

«ለምን?»

«ለውድድር ነው። ያሸነፈውን ኮሌጅ ያስገቡታል።»

«የሚወዳደረው ብዙ ሰው ነው?»

«ብዙ ነው።»

«ውድድር ከሆነ ለእኔ ተዪው» አለ። ድምፁ ሲሞቅ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

አባቴ ኦቦ ኢታና በሀገሩ የተከበረ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ሰው ሲታረቅ እሱ ሳይኖር አይታረቅም። ጎረቤት ሄደን ጨው እንኳ እንድንበደር አይፈቅድልንም ነበር። የገጠር ሰው ግብር የሚጠይቅ ሲመጣ በሬው ያንሳል፣ ጎተራው ይጎድላል፤ ይሄ የታወቀ ነው። አባቴ ግን ለግብርም ቢሆን ያለውን አሳንሶ ተናግሮ አያውቅም። እናቴ ከመታመሟ በፊት ወረዳው ባካሄደው ውድድር ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ተሸልሟል። ምስክር ወረቀቱን ጌዶ ድረስ ወስዶ በመስታወት አሠርቶ፣ የገባ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከበሩ ትይዩ ሰቅሎታል። በሕይወቱ የሚያውቀው ውድድር ያ ብቻ ነው። በዚያ ውድድር ደግሞ ብዙ ያለው ያሸንፋል።

ጥፋቱ የኔም ነው። «እንደሌለን የሚገልጽ ደብዳቤ» ማለት ነበረብኝ። ይህንን ለአባቴ የሚናገር ምላስ ግን አልነበረኝም፤ «ሁኔታችንን» ብዬ በጎን አለፍኩት። እንዲህ ያለውን ነገር በጎን ያለፈ ሰው ዞሮ ፊት ለፊት ያገኘዋል።

በሳምንቱ ቅዳሜ አባቴ ራሱ መጣ። ደብዳቤውን ለሹፌር አላምንም ብሎ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ ይዞት ነበር የተጓዘው። ፖስታው ታሽጓል፤ መታሸጊያው ላይ የቀበሌው ክብ ማኅተም አርፎበታል። ከተከፈተ ዋጋ የለውም። ወፈር ያለ መሆኑን አየሁና ደስ አለኝ፤ በደንብ ጽፈውልናል አልኩ።

ምሳ ጋበዘኝ። እሱ አልኮል የማይቀምስ ሰው ስለሆነ የአምቦ ውሃ አዘዘ። በጠጣው ቁጥር ጋዙ አፍንጫውን እየወጋው ያስነጥሰዋል፤ ግን አምቦ መጥቶ ሳይጠጣው አይመለስም። ጥብሱን ወደ እኔ እየገፋ «አንደኛ ትወጫለሽ፣ ስለዚህ አታስቢ» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን ዛሬም አየዋለሁ። ሰው ለልጁ የሚሰጠው ነገር ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰኞ ዕለት ፖስታውን ሳይከፈት ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አስገባሁት።

ጥር ላይ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ቦታው እዚያው አምቦ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ከወላጅ ጋር መቅረብ ግድ ነው። አባቴ የበቆሎውን ሥራ ለእናቴና ለታናሽ ወንድሜ ጥሎ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ መጣ። ጠቆር ያለ ኮት ለብሷል፤ የሠርግ ኮቱ ነው። ክራቫት አድርጓል። ጫማው እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

ኮሪደሩ ላይ ወላጆችና ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዞር ብዬ ሳይ አባቴን የሚመስል ማንም የለም። አንዱ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሷል፤ አንዷ የላስቲክ ጫማ አድርጋለች። አብሮኝ የሚማር ልጅ አባት፣ ሁለት ወፍጮ እንዳለው ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ሰውዬ፣ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ቡትቶ ካፖርት ደርቦ አንገቱን ደፍቷል። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን ለቁም ነገር ሲያመጡ እንዲህ ሆነው ይመጣሉ?» አለኝ። ከልቡ አዝኖላቸው ነበር። እኔ ግን ያን ወፍራም ፖስታ አሰብኩ።

ተጠርቼ ብቻዬን ገባሁ። ሦስት ሰዎች አሉ። መሀል የተቀመጡት ሰብሳቢዋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ በቀኛቸው ላፕቶፕ የከፈተ ወጣት አለ፤ በግራቸው ጡረታ የወጡ መምህር የሚመስሉ፣ ኦሮምኛ የሚያውቁ አዛውንት። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ብልቃጦቹና ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብለው ሲጽፉ አየሁና ትንፋሽ አወጣሁ።

«አሁን የቀበሌውን ደብዳቤ እንይ» አሉ።

አዛውንቱ ደብዳቤውን አንሥተው ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡት። ኦቦ ኢታና ሞዴል አርሶ አደር ናቸው። አንድ ጥማድ በሬ፣ ሦስት ዘመናዊ ቀፎ፣ ባለ ቆርቆሮ ቤት አላቸው። ልጆቻቸውን በራሳቸው አቅም ያስተምራሉ። ከመንግሥትም ሆነ ከግለሰብ እርዳታ ጠይቀው አያውቁም። ከሥሩ የተያያዘውን ገለጥ ሲያደርጉ ያ ከበሩ ትይዩ የተሰቀለው ምስክር ወረቀት ፎቶ ኮፒ ብቅ አለ። ፖስታውን ያወፈረው እሱ ነበር።

ወጣቱ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም።

«ኩለኒ፣ ይህ እውነት ነው?»

እውነት አልነበረም። በሬዎቻችን ለእናቴ ሕክምና ተሸጠዋል። አሁን በረታችን ውስጥ የሚያድሩት ዳለቻና ቦራ የተባሉት በሬዎች ኦቦ ዲንቃ የሚባል የጌዶ ነጋዴ ንብረት ናቸው፤ አባቴ እየቀለበ ያርስባቸዋል፤ ከምርቱም ለሰውየው ያካፍላል። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ መንደሩ አዲስ በሬ የገዛ ነበር የሚመስለው። እኔ ግን አንድ የመስቀል ሰሞን ኦቦ ዲንቃ መጥቶ ዳለቻን ጎትቼ ሳሳየው፣ ቆዳውን ቆንጥጦ «በሬዬ ከስቶብኛል» ሲል ሰምቻለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ አባቴ በሰው በሬ ደምቆ እንደሚኖር ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ማወቄን ግን ለእሱ አልነገርኩትም።

አሁን «አይደለም» ብል ዕድሉ የኔ ነው። አባቴ ግን የሐሰት ደብዳቤ ያጻፈ ሰው ይሆናል፤ ያ ወረቀት ተመልሶ ቀበሌው ድረስ ይሄዳል፤ ያንን ክራቫት አስሮ ውጭ ተቀምጧል። «አዎ» ብል ፋርማሲ ቀረ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ለማሰብ የተሰጠኝ ጊዜ ደግሞ ሰው አፉን እስኪከፍት ያለው ብቻ ነው።

«እውነት ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አመለከትሽ?»

ዓይኔን ወደ በሩ ወረወርኩ። ሰብሳቢዋ «አባትሽ ይግቡ፤ አንቺም እዚሁ ሁኚ» አሉ።

አባቴ ገብቶ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ ለቁም ነገር ግን አይተማመንበትም። ስለዚህ ሰብሳቢዋ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ እሱ በኦሮምኛ ይመልሳል፣ አዛውንቱ ይተረጉማሉ። እኔ መሀል ተቀምጬ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ እሰማለሁ።

«ኦቦ ኢታና፣ ልጅዎ በጣም ጎበዝ ናት። ግን ይህ ዕድል ልጆቻቸውን ማስተማር ለማይችሉ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። እርስዎ እግዚአብሔር ይመስገን አቅም አለዎት። ቦታውን ለሌላ ልጅ ብንሰጠው ቅር ይልዎታል?»

አባቴ መጀመሪያ አዛውንቱን አየ፤ የተረጎሙት ትክክል መሆኑን የተጠራጠረ ይመስል ነበር። ከዚያ በር በሩን አየ፤ በኮሪደሩ ላይ ያዘነላቸው ሰዎች ትዝ ያሉት መሰለኝ። በመጨረሻ እኔን አየኝ። ነገሩ ሲገባው በዓይኔ አየሁት።

«ያለኝ ነገር ነው ልጄን የሚጥላት?» ብሎ ጠየቀ።

«እንደዚያ ነው» አሉ አዛውንቱ፣ ሳይተረጉሙ።

አባቴ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ መሬት አስቀመጠው። «እንግዲያው ጻፉ» አለ። «በሬዎቹ የኔ አይደሉም። የኔዎቹን እናቷ ስትታመም ሸጥኳቸው። እነዚህ የሰው ናቸው፤ እቀልባለሁ፣ አርስባቸዋለሁ፣ ከማገኘው አካፍላለሁ። ንቦቹ ሄደዋል፤ ያለው ቀፎው ነው። ቆርቆሮው የኔ ነው። ቀበሌው የጻፈው እኔ የነገርኩትን ነው፤ ጸሐፊው ጥፋት የለበትም። ልጄን በራሴ አቅም ማስተማር አልችልም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አዛውንቱ ዝግ ብለው ነው የተረጎሟት። እኔ ግን በሁለቱም ቋንቋ ሰማኋት፤ በየትኛው እንደበለጠ ያመመኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ልጅዎ ግን ደብዳቤው እውነት ነው ብላናለች። አሁን ማንን እንመን?»

ውሸታም ተማሪ ማንም አይመርጥም።

«እሷ አታውቅም» አለ አባቴ። «ከልጆቼ ደብቄ ነው የኖርኩት። አባቷ የነገራትን ተናገረች፤ ሌላ ጥፋት የለባትም።»

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። አታውቅም ብሎ ማመኑ ከሁሉ በላይ አንገቴን አስደፋኝ። እውነቱን ግን አልተናገርኩም። ሰብሳቢዋ ከሁለቱ ጋር በዝቅተኛ ድምፅ ተነጋገሩና በአሥር ቀን ውስጥ የታረመ ደብዳቤ እንድናመጣ ጊዜ ሰጡን።

ወጥተን ወደ መናኸሪያው አመራን። ፀሐዩ ይፋጃል፣ ባጃጆቹ አቧራውን ያነሡታል፣ የጫማው ብርሃን ጠፍቷል። አባቴ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና «እንዲህ ያለ ውድድር መኖሩን ማን ነገረኝ?» አለ። አየሁት፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ ነበር። ሁለታችንም መሀል መንገድ ቆመን ሳቅን፤ የኔ ሳቅ ትንሽ ቆይቶ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ እሱም ከአንድ ሱቅ የአምቦ ውሃ ገዝቶ ሰጥቶኝ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

አባቴ የታረመውን ደብዳቤ ሲያጽፍ ቀበሌው የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። የማዳበሪያ ምዝገባ ቀን ስለነበር ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጸሐፊው ነገሩ ሲገባው ተሳቆ «ኦቦ ኢታና፣ ወደ ውስጥ እንግባና እንነጋገር» አለው። አባቴ ግን «የፊተኛውን ያጻፍኩት ሰው ፊት ነው፤ ይሄንንም እዚሁ ጻፈው» ብሎ እዚያው ቆሞ፣ የሌለውን አንድ በአንድ ተናገረ። ማንም አልሳቀም አለች እናቴ። አግዳሚው ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሦስት ጎረቤቶች ሳይጠሩ በሬያቸውን ይዘው መጥተው ማሳችንን አረሱ። ለካ እናቴ ከታመመች ጀምሮ ሊያግዙን ፈልገው የሚያግዙበትን ቀዳዳ ያጡት ከእሱ ኩራት የተነሣ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ የደወለልኝ መምህር ሰለሞን ነው። «አካም ቡልቴ» አለኝ፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። «ዕቃሽን አዘጋጂ፤ አዲስ አበባ ትገቢያለሽ» አለኝ።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ቢፍቱ ከመጣች በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ እጃጂ ወረድኩ። በቆሎው እሸት ደርሷል፤ ከጌዶ ቁልቁል ያለው መንገድ ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነው። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ከቤቱ ጀርባ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እሸት ይጠብሳል። የጎረቤቴን ልጅ ነገር ነገርኩት። «አባትየው ራሱ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ይሙላው» አለ። «ብቻዋን አያሸክማት።» ለቢፍቱ የምላት ይህንኑ ነው።

ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ ያልወጣኝ ነገር ወጣኝ። «አባዬ፣ ያን ቀን እኔ ዋሽቼ ነበር። በሬዎቹ የኛ እንዳልሆኑ አውቅ ነበር።»

እሸቱን በእሳቱ ላይ አገላበጠ።

«ማወቅሽን አውቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን አታውቅም አልካቸው?»

«አንቺ የዋሸሽው ለእኔ ብለሽ ነው። እውነቱን ስናገር ውሸቱ አንቺ ላይ ሊቀር ሆነ። ወሰድኩት።»

አባቴ በዕድሜው ሁሉ ሽማግሌ ሆኖ የሰው እውነትና ሐሰት ሲለይ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ድህነቱን ሲናገር ከኩራቱ የቀረው አንድ ነገር ቢኖር ቃሉ ነበር፤ እሱንም ለእኔ ብሎ ሰጠ። ሰዎች ጎበዝ ነበርሽ ሲሉኝ ከእንግዲህ ዝም ብዬ አላልፍም መሰለኝ። የተመረጥኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ብቻ ሳይሆን እኔና አባቴ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ እያንዳንዳችን ለሌላው ብለን ስለዋሸን ነው። አባቴ ግን የበሰለውን እሸት ከሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝና ፊቱን ወደ እሳቱ መለሰ።

«በሐሰት ለተጻፈው ደብዳቤ በጉባኤ ፊት ንስሐ ገብቻለሁ» አለኝ። «ለዚያች ‹አታውቅም› ላልኳት ውሸት ግን እስከ ዛሬ አልገባሁም። ወደፊትም የምገባ አይመስለኝም።»